ባዶው ምስማር

ልጆቼ፣ የኛ የብስክሌት ክለብ ከሌላው ክለብ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ዋንጫ እንዳይመስላችሁ፤ ዋንጫማ ሁለት ብቻ ነው ያለን፣ የአንዱም ጆሮ ተሰብሯል። የሚለየን ቁልፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንዱ ተወዳዳሪያችን መሃል መንገድ ላይ ደከመውና ለማንም ሳይናገር በአቋራጭ ቤቱ ገባ። እኛ ጠፋ ብለን ገደል ለገደል፣ ቦይ ለቦይ ስንፈልገው ዋልን። አመሻሹ ላይ ለቤተሰቡ መርዶ ልንናገር ቤቱ ብንሄድ፣ ሰውዬው ሾርባውን ጠጥቶ፣ እግሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። «ምነው፣ በሰላም ነው?» አለን ጭራሽ!

በሳምንቱ ስንሰበሰብ እኔ አንድ ሐሳብ አመጣሁ። ከእንግዲህ ማንም ሰው ከመነሳቱ በፊት የቤቱን ቁልፍ ለኔ ያስረክባል። እኔም አንድ ሰሌዳ ላይ ከቁጥሩ ስር ባለው ምስማር እሰቅለዋለሁ። ቢጨርስም፣ ቢያቋርጥም፣ ቁልፉን ሳይወስድ ቤቱ መግባት አይችልም። ምስማሩ ላይ ቁልፍ ካለ ሰውዬው ገና መንገድ ላይ ነው። ምስማሩ ባዶ ከሆነ ገብቷል። ቁልፍ ደግሞ ለራሱ ለተወዳዳሪው እጅ እንጂ ለጓደኛ፣ ለወንድም፣ ለማንም አይሰጥም።

ሰሌዳዋን ራሴ ነኝ የሠራኋት። ዕድሜ ልኬን ጎማ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ያቺን ሰሌዳ ማንም መሐንዲስ አይንቃትም። አስራ ስድስት ቁጥር፣ አስራ ስድስት ምስማር። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ካረፈች አምስተኛ ወሯ ነበር። ሰው ሁሉ «አልቅስ፣ ይወጣልሃል» ይለኛል፤ እኔ ግን እንባ ከየት እንደሚመጣ ጠፍቶኛል። አላዘንኩም ማለቴ አይደለም። ምን ልበላችሁ፣ አጣጥፈው ብዙ የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው፣ እኔም ሁለመናዬ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ራዲዮው ጣቢያ ስቶ ሲንጫጫ እየሰማሁ፣ ተነስቼ ሳልዘጋው ሦስት ቀን አለፈ። አንድ ጊዜ ደግሞ የፈላ ማንቆርቆሪያ በባዶ እጄ አነሳሁ፤ መዳፌ ውሃ መቋጠሩን ያየሁት ማታ ልብሴን ስቀይር ነው። ሰው ሲያናግረኝ እመልሳለሁ፣ የመለስኩትን ግን አላስታውስም። ይህን የምነግራችሁ ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ እንዲገባችሁ ብዬ ነው እንጂ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ሰማዩ የድስት ቂጥ መስሏል። ነፋሱ የክለባችንን በር ሁለት ጊዜ ከእጄ ነጠቀኝ። ክለብ ስላችሁ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ አሮጌ ጎማ፣ በቃ። ተወዳዳሪዎቹ እዚያ ውስጥ ተፋፍገው እግራቸውን ያሻሉ። ዝናቡ ገና ከመጀመሩ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣው፣ ምላሱ ግን ሁልጊዜ አንደኛ የሆነው፣

«ዛሬስ ብስክሌት ሳይሆን ጀልባ ነበር ማምጣት» አለ።

«አንተ በጀልባም መጨረሻ ነህ» አለው አንዱ።

«መጨረሻ መሆን በነፃ የሚገኝ መሰለህ? ጥበብ ይጠይቃል!»

ሊቀመንበራችን የሂሳብ አስተማሪ ነው። ፊሽካ ከአፉ ስለማይጠፋ ስሙን ረስተን ፊሽካ ነው የምንለው። «ይሰረዝ ወይስ እንሂድ?» ብለው ሲጠይቁት ሰማዩን በመስኮት አየና «የፈራ ቁልፉን ይዞ ወደ ቤቱ!» አለ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ይመለሳል?

አማቼ ቁልፉን ያስረከበኝ መጨረሻ ላይ ነው። የአንድያ ልጄ ባል ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ የክለቡ ሰዎች መርፌ ይሉታል። ኮት ሲሰፋ ብታዩት፣ ጨርቁን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ እሽት አድርጎ ዓይኑን ይጨፍንና ክሩ የት ላይ እንደላላ ይነግራችኋል። ሰው በዓይኑ የሚያየውን እሱ በጣቱ ነው የሚያየው። ያንን እጁን ነበር የዘረጋልኝ።

«አባባ፣ አደራ» አለኝ። «የልጅዎ ቁልፍ ተሰብሯል፤ ሌላ አላስቀረጽንም። ያለችን ይቺ አንዷ ናት።»

«ስልክህስ?»

«ዝናብ ያበላሽብኛል ብዬ ቤት ትቼዋለሁ።»

ዘጠኝ ቁጥር ላይ ሰቀልኩለት። ቀይ ክር የተጠመጠመባት ትንሽ ቁልፍ ናት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፊሽካው ተነፋ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ሄደው፣ ከጥቅጥቁ ደን ጫፍ ዞረው፣ ሠላሳ ሊመለሱ፣ አስራ ስድስቱም ጭቃ እየረጩ ሄዱ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጄ መጣች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሌሊቱን ስትጋግር አድራ ነው። ዝናቡ አብስብሷት ፀጉሯ ላይ የቀረው ዱቄት ሊጥ ሆኗል።

«አባዬ፣ ቆሜ ነው የማንቀላፋው። ቁልፉን ስጠኝ።»

«ሕጉን ታውቂው የለ» አልኳት።

«የገዛ ቤቴ ቁልፍ እኮ ነው! ሌባ ነኝ እንዴ?»

«እኔ ቤት ሄደሽ ተኚ።»

«አንተ ቤት ደረቅ ልብስ አለኝ? የእማዬን ቀሚስ ልልበስ?»

 እናቷን ከቀበርን ወዲህ ያን ቁም ሳጥን የከፈተ የለም። ዞር ብዬ ቁልፉን ከዘጠኝ ቁጥር አወረድኩና ሰጠኋት። ግንባሬን ሳመችኝና ሮጠች።

ባዶ ምስማር ዝም ብሎ መተው እንደሌለበት አውቄ ነበር። አንድ ነገር ላንጠለጥልበት፣ አንድ እራፊ ጨርቅ፣ ወይ የጎማ ቁራጭ፣ ኪሴን መፈተሽ ጀመርኩ። ያኔ በረዶው ወረደ። እንዲያው ዝም ብሎ በረዶ አይደለም፤ አንድ ሰው ጠጠር የጫነ መኪና ጣሪያችን ላይ የገለበጠ ነው የሚመስለው። ፊሽካ «ውድድሩ ቆሟል! መኪና! መኪና አምጡ!» እያለ ሮጦ ገባ። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። የእራፊ ጨርቁ ነገር ከዚያ በኋላ ከራሴ ወጣ። እንዳልነበረ ሆነ።

የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው አባላችን ፒካፑን አስነሳና ወደ ላይ ወጣ። እኔ ሰሌዳዬ ስር ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ቅርብ የነበሩት ብስክሌታቸውን እየገፉ መግባት ጀመሩ፤ የሩቆቹን ፒካፑ በሁለት ዙር አመጣቸው። ፊታቸው በሻርፕ ተጠቅልሏል፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፤ ቁጥራቸውን እየጠሩ ብቻ ነው የሚያልፉት። ጣታቸው እንጨት ሆኖ ቁልፍ መጨበጥ ስላቃታቸው እኔ ነኝ ኪሳቸው ውስጥ የምከትላቸው። አንዱ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ጋሼ፣ እግሬ አለ?» አለኝ። «ሁለቱም አሉ ልጄ» አልኩት። ሳቀ፣ ሳቁም ተንቀጫቀጨ።

ፀጉር አስተካካዩ ቁልፉን ከተቀበለ በኋላ ከበሩ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ መርፌስ? እኔ አላየሁትም።»

ዞር ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ዘጠኝ ቁጥር ባዶ ነው።

«ገብቷል» አልኩት።

በዚህችው አፌ።

ባለ ፒካፑ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «የቀረ አለ? ላዩ ላይ ጉም ወርዷል፣ አፍንጫዬ ላይ ያለውን እንኳ አላየሁም። አንድ ዙር ልጨምር?»

ሰሌዳውን አየሁ። አስራ ስድስት ባዶ ምስማር። «ሁሉም ገብቷል፣ ሂድ እረፍ» አልኩት። ክፍሉን ቆለፍኩና ቤቴ ሄድኩ። እርጥብ ጫማዬን አወለቅኩ። ምሳ መብላቴን እንጃ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ልጄ ናት። ከእንቅልፏ መነሳቷ ነው፣ ትራሱ ጉንጯ ላይ መስመር አስቀርቶባታል።

«እዚህ ነው እንዴ ያለው?»

«ማን?»

«ባሌ ነዋ! ስልኩ ቤት ይጮኻል፣ እሱ የለም።»

«ገብቷል እኮ። ቁልፉን ወስዷል» አልኳት።

 እጇን ኪሷ ከተተችና ቀይ ክር የተጠመጠመባትን ቁልፍ አወጣች።

«አባዬ… ቁልፉን የሰጠኸው ለኔ ነው።»

ልቤ ዱብ እስኪል ጠበቅኩ። አላለም። እጄ ኮቴን ከመስቀያው ሲያወርድ አየሁት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። እርጥቡን ጫማ መልሼ አጠለቅኩ። ክሩን በትክክል አሰርኩ፤ ሁለት ጊዜ ነው ያሰርኩት። ልጄ «አባዬ፣ ፍጠን! ምን ሆነሃል?» ትላለች። ድምጿ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ነው የሚመስለኝ።

ባለ ፒካፑን ከሱቁ፣ ፊሽካን ከቤቱ አነሳን። ፊሽካ ነገሩን ስነግረው የመኪናውን በር ከፈተልኝ። ብዙ ሊለኝ ይችል ነበር። «ይግቡ፣ ጋሼ፣ ከፊት ይግቡ» ብቻ አለኝ።

መንገዱ ዳር በረዶው እንደ ጨው ተከምሯል። ልጄ ከኋላዬ ተቀምጣ መስኮቱን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። አስረኛው ኪሎ ሜትር፣ አስራ አምስተኛው፣ ሃያኛው።  አንድ ጊዜ ከኋላ «ለምን ጠየቅኩህ?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለምንስ ሰጠኸኝ?» አለች። 

ከሃያ አራተኛው ኪሎ ሜትር አለፍ እንዳልን፣ የመንገዱ ዳር ምልክት ድንጋይ ላይ ጥቁር ነገር ተጠምጥሞ አየሁ።

«አቁም!»

«ምንድን ነው? ቆሻሻ ነው እኮ ጋሼ። ቅድምም በጉሙ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ ላስቲክ ነው» አለ ባለ ፒካፑ።

ካላማዳሪ ነው፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ። ሰው ዝም ብሎ የጣለው ደግሞ አይደለም፤ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ታች፣ ወደ ቦዩ ተደርጓል። ብስክሌት ገዝቶ የመጣ ቀን እኔው ነኝ ያስተማርኩት። «ከመንገድ ከወረድክ የተበሳውን ካላማዳሪህን ከፍ ያለ ነገር ላይ እሰር፣ ጫፉን ወደሄድክበት አድርግ» ብዬ። የዚያን ጊዜ «አባባ፣ ይሄንንስ ውሻም ያውቃል» ብሎ ስቆብኝ ነበር።

ከመንገዱ ስር ውሃ ማሳለፊያ ድልድይ አለ፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት። ውስጥ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ብስክሌቱን ነፋስ መከለያ አድርጎ ተቀምጧል። አንድ እግሩን ዘርግቶታል፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ፓምፑ ጭኑ ላይ ነው። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ልጄ ስሙን እየጠራች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ዓይኑን ወደኔ አዞረ።

«መጣችሁ» አለ። ቃሉ ተንቀርፍፎ ነው የሚወጣው። «ጎማው ተበሳ… ወደቅኩ… ፓምፑን መጨበጥ አቃተኝ። በእንብርክኬ ልሂድ ብዬ ነበር…»

«ዝም በል፣ አትናገር» አለችው ልጄ።

«ኋላ ግን ቁልፌ ተሰቅሏል ብዬ ተውኩት። ቁልፌ እዚያ ካለ አባባ አይተዉኝም። ካለሁበት ልቀመጥ አልኩ።»

ልጆቼ፣ ያን ቃል ዛሬም እሰማዋለሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠው እኔን አምኖ ነው። ቁልፉ ባይኖር ኖሮ እየተሳበም ቢሆን በቅርብ እስካለው መንደር ይደርስ ነበር፤ መንደሩ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም።

መኪና ውስጥ ኮቴን ከፈትኩና ሁለቱንም እጆቹን ብብቴ ስር አስገባኋቸው። ቅዝቃዜው ተሰማኝ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ምንም አልተሰማኝም። እሱም እጆቹ የት እንዳሉ አያውቅም፣ እኔም ምን እንዳቀፍኩ አላውቅም፤ እንዲያው ሁለት በድን ተቃቅፈን ወረድን።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ እጆቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨመረቻቸው። ደም ሲመለስ ያማል አሉ። ጮኸ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጩኸቱን እየሰማሁ የወለሉን ንጣፍ ስቆጥር ነበር። አርባ ሁለት ነው። ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና የኮቴን እጅጌ ያዘች። አላቀፈችኝም፣ አልተሳደበችም፣ እጅጌዬን ብቻ ይዛ ቆየች።

ሕይወቱ ተረፈ። ቁርጭምጭሚቱ በወር ዳነ። የጣቶቹም ስሜት አንድ በአንድ ተመለሰ፣ ከሁለቱ በቀር። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት። ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለው። ይሄንንስ እኔም እለው ነበር።

ሥራ የጀመረ ቀን ሱቁ ሄድኩ። ለአንድ ሙሽራ ነጭ ገበር እየሰፋ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሳየው መርፌው ጣቱ ውስጥ ገብቷል፣ እሱ ይሰፋል። ደሙ ጨርቁ ላይ ሲያብብ ነው ቆም ያለው። ጣቱን አነሳና እንደ ባዳ ዕቃ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ልጄ» አልኩት፣ «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩህ። ቁልፉን ሰጥቼ ረሳሁ። ሲጠይቁኝም ገብቷል አልኩ።»

«ነግራኛለች፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን አትቆጣኝም?»

ጨርቁን አጠፈው።  «ተቆጥቻለሁ» አለ። «ማታ ማታ እቆጣለሁ። ጠዋት ስነሳ ደግሞ ለሚስቴ እንጂ ለሌባ አልሰጡ እላለሁ። ይቀመጡ፣ ቆመው ቀሩ እኮ።» ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ መርፌ ክር ሳስገባለት ዋልኩ። 

ለክለቡ ከሰሌዳው እንደምለቅ ተናገርኩ። ፊሽካ «ማን ሊይዘው? ይሄ ፀጉር አስተካካይ? የራሱን መቀስ እንኳ በየቀኑ የሚያጠፋ!» አለ። ፀጉር አስተካካዩም «እውነቱን ነው ጋሼ፣ እኔ ራሴን አላምነኝም» አለ። አንድ ሕግ ብቻ ተጨመረ፤ ቁልፍ የሚወስድ ሰው ፊቱን ገልጦ ያሳየኛል። ሻርፕ፣ ኮፍያ፣ ጉም፣ ምንም ይሁን ምን፣ ፊት ሳላይ ምስማር አይራቆትም።

የሚቀጥለው ውድድር የተደረገው ከአራት ወር በኋላ ነው። ያን ቀን ደግሞ ፀሐይ፣ ምን ያለ ፀሐይ! ልጄ አብራው መጣች። የራሷን ቁልፍ አስቀርጻ አንገቷ ላይ አስራዋለች፤ ስታየኝ ክሩን ሳብ አድርጋ አሳየችኝ። አማቼ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። እንደ ድሮው መጨረሻ ላይ መጣና፣

«አባባ፣ አደራ» ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ።

ሁለቱ ጣቶቹ አንድ ነገር እንደያዙ ሁሉ ተገጣጥመዋል። በመሃላቸው ግን ምንም የለም። ቁልፉ እጄ ከመድረሱ በፊት ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ቅጭል ሲል እኔ ሰምቼዋለሁ፤ እሱ አልሰማም፣ አላወቀም፣ እጁን እንደዘረጋ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። ልጄ አየች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ጮኸ። ቁልፉን አነሳሁና ዘጠኝ ቁጥር ላይ ሰቀልኩት። «ተቀብያለሁ» አልኩት።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ወንበር አልፈለግኩም። ሰው ሻይ አመጣልኝ፣ ቀዘቀዘ። አንድ በአንድ ገቡ፣ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየሁ ሰጠሁ። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ገብቶ «ዛሬ መጨረሻ አይደለሁም!» ብሎ ጨፍሯል። እኔ ቀይ ክሯን እያየሁ ቆምኩ። ባለ ፒካፑ ሳልጠይቀው ሞተሩን አስነሳ።

ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ልጄ ነች ያየችው። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ በግራ እጁ ፍሬን ይዞ። ወርዶ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደኔ መጣ። ኮፍያውን አወለቀልኝ። አየሁት። ላቡን፣ አቧራውን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ሁሉንም አየሁ።

«ዘጠኝ ቁጥር» አለ።

ከምስማሩ አወረድኩ። ቀኝ እጁን ሊዘረጋ ሲል ግራውን ያዝኩና መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኳቸው። ከዚያም ቁልፉን አጥብቆ እስኪጨብጠው፣ መጨበጡም በእጄ እስኪታወቀኝ ድረስ አልለቀቅኩትም።